«ራሴላስ» ምን ይላል? በአምሐራ ሸለቆ የሚጀምረው የእንግሊዝኛ ድርሰት ሊቃውንትን ያላስማማበት ምክንያት

በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ስማቸው ሳይነሣ ከማይታለፉ ድርሰቶች አንዱ ታሪኩን የሚጀምረው በኢትዮጵያ ምድር ነው። ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ለንደን ላይ ያሳተመው ይህ አጭር ልብ ወለድ መጀመሪያ የወጣው «የአቢሲኒያው ልዑል» በሚል ርዕስ ሲሆን፣ በኋላ ግን በዋናው ባለታሪክ ስም «ራሴላስ» ተብሎ ታወቀ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ በአንድ ቀን ተነቦ የሚያልቅ ነው፤ የሚናገረው ምን እንደሆነ ግን ከታተመበት ዘመን እስከ ዛሬ ድረስ ሊቃውንቱን እንዳከራከረ አለ።

በእኛም ዘንድ የመጽሐፉ ስም በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓይነት ስሜት ይታያል። አንዳንዱ «ስለ እኛ የተጻፈ ነው» ብሎ ይኮራበታል፤ ሌላው ደግሞ «አገራችንን ረግጦ የማያውቅ ሰው የፈጠረው ተረት ነው» ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም አባባሎች ሊቃውንቱ ከያዟቸው አቋሞች ጋር ዝምድና አላቸው፤ ሆኖም ማስረጃቸው ተፈትሾ እስኪመዘን ድረስ ከስሜት አያልፉም። ይህ ማብራሪያ የክርክሩን ዋና ዋና መስመሮች እየተከተለ ማን ምን እንዳለና ያለውን በምን እንደደገፈ ያስረዳል።

ታሪኩ በአጭሩ ምንድን ነው?

ራሴላስ የኃያሉ ንጉሠ ነገሥት አራተኛ ልጅ ነው። በድርሰቱ እንደተተረከው፣ የነገሥታቱ ልጆች ተራቸው ደርሶ ለዙፋን እስኪጠሩ ድረስ በአምሐራ ግዛት በሚገኝ፣ ዙሪያውን ተራራ በከበበው ሰፊ ሸለቆ ውስጥ ይኖራሉ። ወደ ሸለቆው የሚያስገባው ዋሻ የብረት በር ያለው ሲሆን፣ በሩ ከክብደቱ የተነሣ ያለ መሣሪያ ርዳታ የሚከፍተውም የሚዘጋውም ሰው የለም። ውስጡ ምግቡም፣ ዘፈኑም፣ ጨዋታውም ሞልቶ የተረፈ ነው። ራሴላስ ግን በሃያ ስድስተኛው ዓመቱ ይህ ሁሉ ሞልቶለት ሳለ ደስታ እንደራቀው ይታወቀዋል።

በዚህ ጊዜ ኢምላክ ከሚባል ገጣሚ ጋር ይወዳጃል። ኢምላክ ከዓባይ ምንጭ ብዙም በማይርቅ የጎጃም ቦታ ከባለጸጋ ነጋዴ የተወለደ፣ ህንድን፣ ፋርስን፣ ዐረብንና ፍልስጤምን ዞሮ ያየ ሰው ነው። ሁለቱ ተራራውን ሸርሽረው መውጫ ያበጃሉ፤ የራሴላስ እህት ነካያና ደንገጡሯ ፔኩዋም አብረው ይወጣሉ። ዓላማቸው ሰውን ደስተኛ የሚያደርገው የትኛው አኗኗር እንደሆነ በዓይናቸው አይተው መምረጥ ነው። ካይሮ ላይ ጭፈራ የሚወዱ ወጣቶችን፣ ስሜትን ስለማሸነፍ ሲያስተምር ኖሮ የገዛ ልጁ በሞተችበት ቀን ትምህርቱ ያልረዳውን ፈላስፋ፣ ዐሥራ አምስት ዓመት በብቸኝነት ኖሮ ወደ ከተማ መመለስ የናፈቀውን ባሕታዊ፣ ዝናብና ፀሐይ በእኔ ትእዛዝ ይሄዳሉ ብሎ የሚያምነውን የከዋክብት ተመራማሪ ያገኛሉ። የሚፈልጉትን ዓይነት ሰው ግን አያገኙም። በመጨረሻው ምዕራፍ የዓባይ ሙላት ከቤት አላስወጣ ሲላቸው ተቀምጠው የየራሳቸውን ምኞት ይናገራሉ፤ ምኞታቸው እንደማይሞላ ራሳቸው ያውቃሉ፤ ውሃው ሲጎድልም ወደ አቢሲኒያ ለመመለስ ይወስናሉ። ጆንሰን ለዚህ ምዕራፍ የሰጠው ርዕስ ምንም ነገር ያልተደመደመበት መደምደሚያ የሚል ነው።

ሊቃውንቱ «ትርጓሜ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

የቤተ ክርስቲያናችንን የአንድምታ ትምህርት የሚያውቅ አንባቢ ለነገሩ እንግዳ አይሆንም። በአንድምታ መምህሩ ንባቡን ካስቀመጠ በኋላ «አንድም» እያለ ለአንድ ቃል ብዙ ፍቺ ይደረድራል፤ ፍቺዎቹም ጎን ለጎን ይኖራሉ። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ሊቃውንትም ንባቡን ይይዛሉ፤ ብዙ ፍቺ ሊኖረው እንደሚችልም ይቀበላሉ። ልዩነቱ አንዱ ፍቺ ሌላውን መርታት አለበት ብለው መሟገታቸው ላይ ነው። ለሙግቱ የሚያቀርቡት ማስረጃም በአራት በኩል ይመጣል፦ ከደራሲው ሕይወት፣ ከድርሰቱ ቃልና አሠራር፣ ደራሲው ካነበባቸው ምንጮች፣ እንዲሁም ድርሰቱ በተጻፈበት ዘመን ከነበረው የዓለም ሁኔታ። በ«ራሴላስ» ላይ የተነሡት ክርክሮች አብዛኞቹ የሚነሡት አንዱ ሊቅ ከእነዚህ አንዱን፣ ሌላው ሌላውን በማስቀደሙ ነው።

የሚናገረው ማን ነው፤ ጆንሰን ወይስ ኢምላክ?

በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዘዋወር አንድ ታዋቂ ጥቅስ አለ፦ ጋብቻ ብዙ ሥቃይ አለው፤ ሳያገቡ መኖር ግን አንዳች ደስታ የለውም የሚል። ከሥሩ የሚጻፈው የሳሙኤል ጆንሰን ስም ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ይህን የምትለው ነካያ ናት፤ ያለችውም ከወንድሟ ጋር ስለ ትዳር በያዘችው ረጅም ክርክር መካከል ነው። ራሴላስ እዚያው ይሞግታታል። የአንድ ገጸ ባሕርይ ንግግር ከክርክሩ ተነጥሎ የደራሲው እምነት ሆኖ ሲቀርብ ትርጓሜው ገና ከመነሻው ይዛባል።

ከዚህ የሚከብደው ደግሞ የኢምላክ ጉዳይ ነው። በ10ኛው ምዕራፍ ኢምላክ ስለ ገጣሚ ሥራ ያስተምራል። ገጣሚ አጠቃላዩን እንጂ ዝርዝሩን አይመለከትም፤ በአበባዋ ቅጠል ላይ ያሉትን መስመሮች እየቆጠረ አይቀመጥም ይላል። ብዙ አስተማሪዎች ይህን ቦታ የጆንሰን የሥነ ግጥም ትምህርት አድርገው ሲጠቅሱት ኖረዋል፤ እውነትም ጆንሰን በሌሎች ጽሑፎቹ ከዚህ የሚቀራረብ ነገር ብሏል። ነገር ግን ገጹ ሲገለበጥ ሌላ ነገር ይመጣል። ኢምላክ የገጣሚን ሙያ ከፍ ከፍ እያደረገ፣ ገጣሚ ቋንቋ ሁሉ፣ ሳይንስ ሁሉ ማወቅ አለበት እያለ በስሜት ሲነጉድ፣ 11ኛው ምዕራፍ ገና ሲከፈት ልዑሉ «ይበቃል!» ብሎ ያቋርጠዋል፤ ማንም ሰው ገጣሚ ሊሆን እንደማይችል አሳምነኸኛል ይለዋል። ተራኪውም ቢሆን ኢምላክ በዚያች ሰዓት በሙያው ፍቅር ተወስዶ እንደነበረ በግልጽ ጽፏል።

እንግዲህ ደራሲው በኢምላክ አፍ እየተናገረ ነው ወይስ በኢምላክ ላይ ፈገግ እያለ ነው? የመጀመሪያውን የሚሉት ከጆንሰን ሌሎች ጽሑፎች ማስረጃ ያመጣሉ፤ ሁለተኛውን የሚሉት የምዕራፉን አቀማመጥ ያሳያሉ። ዊሊያም ዊምሳት የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ ከሞንሮ ቢርድስሊ ጋር በ1946 ባሳተሙት ታዋቂ ጽሑፍ የደራሲው ሐሳብ ለድርሰት መመዘኛ ሊሆን አይገባም፤ የሚመዘነው በወረቀቱ ላይ ያለው ቃል ነው ብለው ተከራክረዋል። ይህ አቋም ለብዙ ዓመታት በዩኒቨርሲቲዎች ገዥ ሆኖ ቆይቷል። ዊምሳት ራሳቸው ስለ ጆንሰን አጻጻፍ መጽሐፍ የጻፉ ሰው ስለነበሩ አቋሙ በ«ራሴላስ» ንባብ ላይም ተጽዕኖ አሳድሯል። በእኔ አመለካከት በዚህ ቦታ የምዕራፉ አቀማመጥ ክብደቱ ይበልጣል፤ ጆንሰን የኢምላክን ንግግር ያለ ማቋረጫ ሊጨርሰው ሲችል ያቋረጠው እሱው ራሱ ነውና።

መጽሐፉ የሐዘን ነው፣ የሃይማኖት ነው ወይስ የቀልድ?

ስለ ድርሰቱ አጻጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነገር ታሪክ አለ። በጥር 1759 የጆንሰን እናት በጠና ታመው ሞቱ። ጆንሰን በዚያው ወር ለአሳታሚ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ስለዚህ መጽሐፍ ይነግረዋል። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ጄምስ ቦዝዌልም ጆንሰን ለቀብሩ ወጪና እናቱ ለተዉት ጥቂት ዕዳ ሲል መጽሐፉን በአንድ ሳምንት ምሽቶች ጽፎ እንደጨረሰው ይናገራል። ክፍያው 100 ፓውንድ ነበር፤ ለሁለተኛው እትም 25 ተጨመረለት። ይህን ታሪክ ያወቀ አንባቢ መጽሐፉን ሲከፍት የሐዘን ጥላ ቢታየው አያስደንቅም። ኢምላክ የሰው ሕይወት በየትም ቦታ ቢሆን የሚቻለው መከራ የበዛበት፣ የሚቀመሰው ደስታ ያነሰበት ነው የሚለውን ቃልም እናቱን የቀበረ ልጅ ጩኸት አድርገው ያነበቡ አሉ።

ቦዝዌል በ1791 ባሳተመው የሕይወት ታሪክ የሰጠው ፍቺ ግን ከሐዘን አልፎ ይሄዳል። በእሱ አስተያየት ጆንሰን የዚህን ዓለም ነገር ባዶነት ያሳየው የሰው ተስፋ ወደ ዘላለማዊው እንዲያቀና ነው። እንደ «ራሴላስ» በ1759 በፈረንሳይኛ ከወጣው የቮልቴር «ካንዲድ» ጋር ሲያነጻጽረውም ሁለቱ መጻሕፍት ስለ ሰው ልጅ ሥቃይ ተመሳሳይ ነገር ቢናገሩም ዓላማቸው ለየቅል ነው ይላል፤ ቮልቴር በሃይማኖት ላይ ለማላገጥ፣ ጆንሰን ሃይማኖትን ለመደገፍ ጻፉ ማለቱ ነው። ለዚህ ፍቺ ዋናው ማስረጃ 48ኛው ምዕራፍ ነው። በዚያ ምዕራፍ መንገደኞቹ የግብጽን የመቃብር ዋሻዎች ከጎበኙ በኋላ ስለ ነፍስ ይነጋገራሉ፤ ነካያም የዚህ ዓለም ሕይወት ምርጫ እንደቀለለባትና ከእንግዲህ የምታስበው ስለ ዘላለም ምርጫ ብቻ እንደሚሆን ትናገራለች።

ድርሰቱ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ የቦዝዌል ፍቺ ተከራካሪ ባላገኘ ነበር። አንድ ምዕራፍ ግን ይቀራል። ነካያ ይህን ካለች በኋላ በሚቀጥለው ምዕራፍ የምትመኘው የተማሩ ሴቶች የሚኖሩበት ትምህርት ቤት መሥርታ ማስተዳደር ነው፤ ፔኩዋ የገዳም እመምኔት መሆን ትሻለች፤ ራሴላስ ደግሞ ትንሽ መንግሥት ተመኝቶ የግዛቱን ወሰን መወሰን አቅቶት ዜጎቹን ሲጨምር ይውላል። የዘላለም ምርጫ የት ሄደ? ይህ ጥያቄ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ሌላ ዓይነት ንባብ አምጥቷል። አልቪን ዊትሊ በ1956 ባሳተሙት ጥናት «ራሴላስ»ን እንደ አስቂኝ ድርሰት አንብበውታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ንባብ በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ግሩም ማስረጃ አለ፦ ልዑሉ ስለ ዓለም እያለመ ሃያ ወር ያሳልፋል፤ ከዚያም ጊዜውን በከንቱ እንዳባከነ ገብቶት ሁለተኛ በባዶ ውሳኔ ጊዜ እንዳያጠፋ እየወሰነ ሌላ አራት ወር ያጠፋል። ክንፍ ሠርቶ ከሸለቆው ሊበርር የፈለገው ባለ እጅም እንደዚሁ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ደክሞ የሠራው ክንፍ ዘልሎ እንደተነሣ ከሐይቁ ይጥለዋል፤ በአየር ላይ ያልረዳው ክንፍ ግን ውሃ ላይ አንሳፍፎ ያተርፈዋል። እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ሰው ሲጽፍ በሐዘን ብቻ ተውጦ ነበር ማለት ይከብዳል።

ኤምሪስ ጆንስ በ1967 ያቀረቡት ጥናት ደግሞ ከስሜት ወጥቶ ወደ አሠራሩ ይሄዳል። መጽሐፉ 49 ምዕራፎች አሉት። ጆንስ እንዳሳዩት የመጀመሪያዎቹ 16 ምዕራፎች ከሸለቆው እስከ ካይሮ መግቢያ፣ ቀጣዮቹ 16 እስከ ፒራሚዱ ጉብኝት፣ የመጨረሻዎቹ 16 ደግሞ ከፔኩዋ መጠለፍ እስከ ነፍስ ንግግሩ ይደርሳሉ። እንዲህ ተመጣጥኖ ከተከፈለው አሠራር ውጭ አንድ ምዕራፍ ብቻውን ይተርፋል፤ እሱም ምንም ያልተደመደመበት መደምደሚያው ነው። በዚህ ንባብ መሠረት የመጨረሻው ምዕራፍ ጆንሰን ቸኩሎ የተወው ጉድለት አይደለም፤ ሕይወት በተስተካከለ ክፍል ውስጥ ገብታ የማታልቅ መሆኗን በቅርጹ የሚያሳይ ነው። በአንድ ሳምንት የተጻፈ መጽሐፍ እንዲህ ያለ ስሌት ሊኖረው ይችላል ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ቁጥሩን ግን ማንም አንባቢ መጽሐፉን ገልጦ ሊያረጋግጠው ይችላል፤ የጥናቱ ጥንካሬም ከዚህ ይመጣል።

ተመልሰው የሚሄዱት ወዴት ነው?

ብዙ አንባቢ መንገደኞቹ ወደ ሸለቆው ተመልሰው እንደገና እንደሚዘጉ አድርጎ ያስታውሳል። ጆርጅ ሸርበርን በ1959 ይህንኑ አንሥተው የመጽሐፉ ቃል የሚለው «ወደ አቢሲኒያ» እንጂ «ወደ ሸለቆው» እንዳልሆነ አመለከቱ። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ፍቺውን ይለውጠዋል። ወደ ሸለቆው ከሆነ ጉዞው ሁሉ ከንቱ ነበር ማለት ነው፤ ወደ አገራቸው ከሆነ ግን ዓለምን አይተው፣ ተምረው፣ ወደ ሥራቸው የሚመለሱ ሰዎች ናቸው።

ጆንሰን ከሞተ በኋላ ሰር ጆን ሆኪንስ የተባለ ወዳጁ በ1787 ባወጣው የሕይወት ታሪክ፣ ጆንሰን ልዑሉ ደስታ የሚያገኝበት ሁለተኛ ክፍል ሊጽፍ አስቦ እንደነበረ ጻፈ። ይህን ያነበበችው ኤሊስ ኮርኔሊያ ናይት የተባለች ደራሲ በ1790 «ዲናርባስ» የሚል ተከታይ ድርሰት አሳተመች፤ በእሱም ባለታሪኮቹ ትዳርና ሰላም ያገኛሉ። ያላለቀ የመሰላትን ታሪክ ራሷ ጨርሳ የሰጠችው መልስ ከብዙ የትንታኔ ጽሑፎች ይልቅ አንባቢዎች በዚህ መጨረሻ ምን ያህል እንደተቸገሩ ያሳያል።

ኢትዮጵያ በመጽሐፉ ውስጥ የምትሠራው ምንድን ነው?

ለረጅም ጊዜ የቆየው መልስ «ምንም» የሚል ነበር። በዚህ አስተያየት ጆንሰን ሩቅ አገር የፈለገው ስለ ሰው ልጅ በጠቅላላው ለመናገር ስለሚያመቸው ብቻ ነው፤ በአቢሲኒያ ፈንታ ፋርስን ቢያደርገው የሚለወጥ ነገር የለም። መጽሐፉን ለሚያነብ ኢትዮጵያዊ ይህ አስተያየት በመጀመሪያ እይታ እውነት ይመስለዋል። በሸለቆው ውስጥ ጤፍ የለም፤ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ሰዎቹ የሚነጋገሩት እንደ ለንደን ሊቃውንት ነው።

ይሁን እንጂ ጆንሰን ስለ ኢትዮጵያ ያነበበው በአጋጣሚ አልነበረም። የመጀመሪያ መጽሐፉ፣ በ1735 የታተመው፣ የፖርቱጋላዊው የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ሚስዮናውያን ማኅበር) መነኩሴ የጄሮኒሞ ሎቦ የኢትዮጵያ ጉዞ ትርጉም ነው። ሎቦ በ1625 በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ገብቶ፣ ንጉሡ በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት ሲመልሱና አፄ ፋሲለደስ ሲነግሡ ኢየሱሳውያኑ ከተባረሩ በኋላ የወጣ ሰው ነው። ጆንሰን የተረጎመው ከፖርቱጋልኛው ሳይሆን ዮአኪም ለ ግራን በ1728 ካሳተመው ፈረንሳይኛ ነው። ትርጉሙን ከፈረንሳይኛው ጋር ያስተያዩት ጆኤል ጎልድ በ1965 እንዳሳዩት ጆንሰን ብዙ ቦታ ያሳጠረ ሲሆን፣ የኢየሱሳውያኑን አቋም የሚያለዝብ ወይም የሚነቅፍ ለውጥም አድርጓል። በመቅድሙም ላይ ሰይፍ በእጃቸው ይዘው ወንጌል የሚሰብኩትን በግልጽ ይወቅሳል።

በዚያው መቅድም ጆንሰን ሎቦን የሚያመሰግነው ተአምርና ጭራቅ ስላልፈጠረ ነው፤ ሰው ባለበት ሁሉ በጎነትና ክፋት ተደባልቀው፣ ስሜትና አእምሮ እየታገሉ እንደሚገኙ የሎቦ መጽሐፍ ያሳያል ይላል። ይህን ቃል ሁለቱም ወገኖች ይጠቀሙበታል ማለት ይቻላል። ሰው የትም አንድ ከሆነ አገሩ ኢትዮጵያ መሆኑ ለውጥ አያመጣም የሚል ይኖራል፤ በዚያ ዘመን ስለ አፍሪካውያን «ሰው የትም አንድ ነው» ብሎ መጻፍ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም፣ ያስተማረውም ያነበባት ኢትዮጵያ ናት የሚልም ይኖራል።

ዶናልድ ሎክሃርት በ1963 ባሳተሙት ጥናት የጆንሰን ምንጭ ሎቦ ብቻ እንዳልነበረ፣ ስለ ኢትዮጵያ በአውሮፓ የተጻፉ ሌሎች መጻሕፍትም በድርሰቱ ውስጥ እንደሚታዩ አሳይተዋል። ስሞቹን እንይ። «ራሴላስ» በሎቦ መጽሐፍ ከሚገኙት ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ፣ ከአፄ ሱስንዮስ ወንድም፣ ስም እንደመጣ ብዙ አጥኚዎች ይስማማሉ። «ኢምላክ» ደግሞ በጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ካለው ከአፄ ይኩኖ አምላክ ስም ጋር ይያያዛል። የሉዶልፍ መጽሐፍ ደግሞ አብዛኛውን እውቀት ያገኘው ከአምሐራው ሊቅ ከአባ ጎርጎርዮስ ነው። ስለዚህ የአንድ ኢትዮጵያዊ መምህር ንግግር በጀርመናዊ ብዕርና በእንግሊዝኛ ትርጉም አልፎ ጆንሰን ዘንድ ደርሷል ማለት ነው። የነገሥታቱ ልጆች መዘጋትም ከግሸን አምባ ታሪክ የመጣ መሆኑ ግልጽ ነው፤ አምባው እንዴት ሸለቆ እንደሆነና የትኛው የአውሮፓ መጽሐፍ ይህን ሥዕል እንደሰጠው መመርመር ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል።

ክርክሩን ከሁሉ አርቀው የወሰዱት ልጅነታቸውን በከፊል በኢትዮጵያ ያሳለፉት፣ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዋ ዌንዲ ሎራ ቤልቸር ናቸው። በ2012 ባሳተሙት መጽሐፍ ኢትዮጵያ ለጆንሰን ጌጥ ወይም ዕቃ አልነበረችም፤ የኢትዮጵያውያን ሐሳብ በሎቦ መጽሐፍ በኩል መንፈስ በሰው ላይ እንደሚያድር አድሮበት ነበር ብለው ይከራከራሉ። የሎቦ መጽሐፍ የተጻፈው በኢየሱሳዊ እጅ ቢሆንም፣ ሎቦ ሊያሸንፋቸው ያልቻላቸው ኢትዮጵያውያን ክርክር በገጾቹ ውስጥ እየተሰማ ነው፤ በተለይም ለካቶሊክ እምነት እንቢ ያሉት ወይዛዝርት ድምፅ። በዚህ ዓይን ሲታይ ነካያ ከወንድሟ ጋር እኩል ተቀምጣ በብዙ ምዕራፎች የምትሟገት ልዕልት መሆኗ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ አዲስ ክብደት ያገኛል።

የዚህ አቋም ጥንካሬ ኢትዮጵያውያንን የሚጻፍባቸው ብቻ ሳይሆኑ በሚጻፈው ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድሩ አድርጎ ማየቱ ነው። ድካሙ ደግሞ የመንገዱ ርዝመት ነው። ከኢትዮጵያዊው አፍ ወደ ፖርቱጋልኛ፣ ከዚያ ወደ ፈረንሳይኛ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ሲተላለፍ የቀረውን ድምፅ ከሎቦም፣ ከለ ግራንም፣ ከጆንሰንም ድምፅ ለይቶ ይህ የኢትዮጵያውያን ነው ለማለት በጣም ጥንቁቅ ንባብ ይጠይቃል።

አውሮፓውያን ለምን በረቱ? አንድ ገጽ፣ ሁለት ንባብ

በ11ኛው ምዕራፍ ኢምላክ ስለ አውሮፓውያን ኃይል ሲናገር ራሴላስ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። እነሱ ለንግድም ለወረራም ወደ እስያና ወደ አፍሪካ እንዲህ በቀላሉ የሚመጡ ከሆነ፣ እስያውያንና አፍሪካውያንስ ወደ እነሱ ጠረፍ ሄደው በወደባቸው ሰፍረው ለነገሥታቶቻቸው ሕግ የማያወጡት ስለ ምን ነው? እነሱን የሚመልሰው ነፋስ እኛንም ያደርሰን ነበር ይላል። ኢምላክ ሲመልስ የበረቱት ስለተማሩ ነው፤ እውቀት ሁልጊዜ አለማወቅን ይገዛል፤ እውቀታቸው ከእኛ ለምን እንደበለጠ ግን ከማይመረመረው የፈጣሪ ፈቃድ በቀር ምክንያት አላውቅም ይለዋል።

ኤድዋርድ ሰኢድ በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ አውሮፓውያን ስለ ምሥራቁ ዓለም የጻፉት ከገዥነታቸው ጋር የተሳሰረ መሆኑን ካሳዩ ወዲህ የኢምላክ መልስ በጥርጣሬ ይነበባል። አፍሪካዊው ሊቅ በገዛ አፉ የአውሮፓን የበላይነት እንዲመሰክር ተደርጓል፤ ምስክርነቱም በእግዚአብሔር ፈቃድ ጸድቋል። ለዚህ ንባብ ማስረጃው ቃሉ ራሱ ነው፤ ጠማማ ንባብ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ሌላው ንባብ የሚይዘው ጥያቄውን ነው። በ1759 ብሪታንያ በህንድ፣ በካናዳና በካሪቢያን ግዛት ለማስፋት እየተዋጋች ነበር። በዚያ ዓመት የለንደን አንባቢ በአፍሪካዊ ልዑል አፍ «እኛስ መጥተን ብንገዛችሁ?» ተብሎ ተጠየቀ። ጠያቂው ጥያቄውን ያቀረበው እንደ ድንቅ ነገር ሳይሆን እንደ ተፈጥሮአዊ ነገር ነው፤ ነፋሱ ለሁለቱም አንድ ነው። ይህን የሚሉት ከደራሲው ሕይወትም ድጋፍ ያገኛሉ። ጆንሰን በኦክስፎርድ በሊቃውንት መካከል ተቀምጦ ጽዋውን ያነሣው በምዕራብ ህንድ ደሴቶች ለሚመጣው የባሮች አመፅ እንደነበረ ቦዝዌል መዝግቧል፤ ቦዝዌል ራሱ በዚህ ጉዳይ የማይስማማው ስለነበረ ምስክርነቱ ይታመናል። ጆንሰን በ1784 ሲሞትም ዋና ወራሹ አድርጎ የተወው ጃማይካ ውስጥ በባርነት የተወለደውን ፍራንሲስ ባርበርን ነው።

ለእኔ የሚታየኝ ገጹ ሁለቱንም ንባቦች በእኩል ኃይል የሚይዝ መሆኑ ነው። ኢምላክ የሚሰጠው መልስ የማያረካ መሆኑን ራሱ በመጨረሻው ቃሉ አምኗል፤ ምክንያቱን አላውቅም ብሏልና። ጥያቄው መልሱን በልጦ ይቀራል። ይህ የጆንሰን ሐሳብ ነበር ወይስ ያልታሰበበት የቃሉ ውጤት የሚለው ደግሞ ዊምሳትና ቢርድስሊ ያነሡትን ክርክር መልሶ ያመጣዋል።

የአማርኛ አንባቢ በዚህ ክርክር ውስጥ ምን ድርሻ አለው?

«ራሴላስ» በአማርኛ የተነበበው ቀደም ብሎ ነው፤ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ፣ በኦክስፎርድ የተማሩት ሲራክ ኅሩይ ተርጉመውታል። ጆንሰን ከሦስት ቋንቋ በኋላ ያገኘው ታሪክ በአራተኛው ወደ መጣበት ተመለሰ ማለት ነው። ክርክሩ ውስጥ ለመግባት ግን ከዚህም የሚበልጥ ዕድል አለ። የቤልቸር አቋም እውነት መሆኑን ለመመርመር የሎቦን ምስክርነት ከኢትዮጵያውያን ምስክርነት ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል፤ ለዚህ የሚሆኑ የግእዝ መጻሕፍት ደግሞ አሉ። የአፄ ሱስንዮስ ዜና መዋዕል የዚያን ዘመን ነገር በቤተ መንግሥቱ ወገን ሆኖ ይተርካል፤ በ1672 የተጻፈው ገድለ ወለተ ጴጥሮስ ደግሞ ኢየሱሳውያኑን እንቢ ያለችውን ወይዘሮ ታሪክ በተቃዋሚዎቹ ወገን ሆኖ ይናገራል። ገድሉን ቤልቸር ራሳቸው ከሚካኤል ክላይነር ጋር በ2015 በእንግሊዝኛ አሳትመውታል።

እነዚህን ይዞ «ራሴላስ»ን የሚያነብ ሰው ቶሎ የሚያስተውለው የጎደለውን ነው። ራስ ሥዕለ ክርስቶስ በታሪክ የጎጃም ገዥና የካቶሊክ እምነት ብርቱ ደጋፊ ነበሩ፤ በእምነታቸውም ጸንተው ብዙ ደም በፈሰሰበት ጦርነት ውስጥ አልፈዋል። በጆንሰን ድርሰት ግን ከስማቸው በቀር የቀረ የለም፤ ጦርነቱም፣ የሃይማኖቱ ክርክርም፣ የተሰደዱት ኢየሱሳውያንም አይነሡም። ጆንሰን ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር፤ በሃያ አምስት ዓመቱ ራሱ ተርጉሞታል። በአምሳ ዓመቱ አካባቢ ሲጽፍ ለምን እንዳስቀረው ቤልቸርን የሚደግፉትም የሚቃወሙትም ሊያስረዱ ይገባል። ጆንሰን ስለ ሃይማኖት ጠብ መናገር ጠልቶ ነው የሚል ከመቅድሙ ማስረጃ ያገኛል፤ ኢትዮጵያ ለእሱ ከስም ያለፈች አልነበረችም የሚልም ይህንኑ ዝምታ ይጠቅሳል። ዜና መዋዕሉንና ገድሉን በግእዝ፣ ሎቦን በፖርቱጋልኛና በፈረንሳይኛ፣ ጆንሰንን በእንግሊዝኛ አስተያይቶ ገጽ በገጽ ምን እንደቀረና ምን እንደተጨመረ ማሳየት ግን ከክርክሩ ሥራዎች ሁሉ ለግእዝና ለአማርኛ አንባቢ የሚቀርበው ነው።